ጣትና ጆሮ፦ በደጋን የሚገዘገዙ መሣሪያዎች የግራ እጅ ጥበብ

ከቫዮሊን እስከ ኮንትራባስ፣ ከማሲንቆ እስከ ቻይናው ኤርሁ ድረስ በደጋን እየተገዘገዙ የሚያዜሙ ባለ ክር መሣሪያዎች ሁሉ ሥራቸውን ለሁለቱ እጆች ያከፋፍላሉ፤ ቀኝ እጅ ደጋኑን እየሳበና እየገፋ ድምፁን ያስገኛል፣ ግራ እጅ ደግሞ ክሩን በተለያየ ቦታ እየነካ የትኛው ድምፅ እንዲሰማ ይወስናል። በጊታር አንገት ላይ ተሰድረው የእያንዳንዱን ድምፅ ቦታ የሚያመለክቱት ቀጫጭን ብረቶች በአብዛኞቹ እነዚህ መሣሪያዎች ላይ የሉም፤ እንደ ክራርም እያንዳንዱ ክር ለአንድ ድምፅ አስቀድሞ ተቃኝቶ አይጠብቅም። የክራር ተጫዋች ቃኝቶ ከጨረሰ በኋላ ይጫወታል፤ የማሲንቆና የቫዮሊን ተጫዋች ግን ጣቱን ባሳረፈ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ፣ እንደገና ይቃኛል።

የግራ እጅ ብቃት ሲባል አብዛኛው ጀማሪ፣ አንዳንድ ጊዜም መምህሩ ጭምር፣ የጣት ጉልበትና ፍጥነት አድርጎ ይወስደዋል። ይሁን እንጂ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ በአውሮፓ የተጻፉት የማስተማሪያ መጻሕፍት በጥሞና ሲነበቡ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ያለ መጽሐፍ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው የአዝማሪ እጅ ከቅርብ ሲታይ፣ ሁለቱም የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ ግራ እጅ የሚበረታው በመጀመሪያ ጆሮ ሲበረታ፣ ቀጥሎም እጁ የማያስፈልገውን ኃይል መተው ሲችል ነው። ይህ ጽሑፍ ቫዮሊንንና ማሲንቆን ጎን ለጎን በማስቀመጥ ይህ እንዴት እንደሚሆን ያብራራል፤ በስተመጨረሻም ማሲንቆ እስካሁን በስፋት ያላገኘው፣ ነገር ግን የሚገባው፣ የተደራጀ የግራ እጅ መልመጃ ምን ሊመስል እንደሚችል ይመረምራል።

የርቀት ሒሳብ

የአንድ ክር ድምፅ ቅጥነትና ውፍረት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ። ፈረንሳዊው መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ማረን መርሰን ይህን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው ታላቅ የሙዚቃ መጽሐፉ በሕግ መልክ አስፍሮታል። ክሩ ተቃኝቶ ካበቃ በኋላ ክብደቱና ውጥረቱ ባሉበት ስለሚቆዩ ለግራ እጅ የሚተርፈው ሥራ የሚርገበገበውን ርዝመት ማሳጠር ነው። ክሩ በግማሹ ላይ ሲያዝ ያው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ሁለት ሦስተኛው ብቻ እንዲርገበገብ ሲደረግ አምስተኛው ድምፅ፣ ሦስት አራተኛው ሲርገበገብ ደግሞ አራተኛው ድምፅ ይገኛል።

የቫዮሊን ክር ከአንገቱ ጫፍ እስከ ብርኩማው፣ ማለትም ክሩን ከሳጥኑ ከፍ አድርጎ እስከሚይዘው ድጋፍ ድረስ፣ በግምት 328 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ከዚህ ሒሳብ ተነሥቶ ሲሰላ ባዶው ክር ከሚሰጠው ድምፅ በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ለማለት ጣት ከአንገቱ ጫፍ 36 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ማረፍ አለበት፤ ለግማሽ ድምፅ፣ በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቅርብ ጎረቤቱ ላለው ትንሽ ርቀት ማለት ነው፣ 18 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። እጁ አንድ ኦክታቭ ያህል ወደ ብርኩማው ሲጠጋ ግን እነዚሁ ርቀቶች በግማሽ ይቀንሳሉ፤ ግማሽ ድምፁ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆንና ይህም ከአዋቂ ሰው ጣት ስፋት ስለሚያንስ አንዱ ጣት እንዲያርፍ ሌላው ቦታ መልቀቅ ይኖርበታል። የስህተቱም ዋጋ በዚያው መጠን ይለዋወጣል፤ በመጀመሪያው ሙሉ ድምፅ ላይ ጣት በ2 ሚሊ ሜትር ቢስት ድምፁ ከግማሽ ድምፅ አንድ ስምንተኛ ገደማ ሲዛነፍ፣ በኦክታቩ ላይ ተመሳሳይ ስህተት አንድ አምስተኛ ያህል ያዛንፈዋል፤ የመጀመሪያውን የሠለጠነ ጆሮ ይለየዋል፣ ሁለተኛው ግን ማንንም አድማጭ ይቆረቁረዋል።

እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት ትልቅ ነገር አለ። ጣት ሊያጠናው የሚችል፣ ከላይ እስከ ታች የማይለወጥ የርቀት ልኬት በክሩ ላይ ስለሌለ፣ እጅ መማር የሚችለው ቋሚ ቦታዎችን ሳይሆን በድምፆች መካከል ያለውን ዝምድና ነው። ጀማሪዎችን ለመርዳት በአንገቱ ላይ የሚለጠፉት ባለ ቀለም ምልክቶች ለጥቂት ሳምንታት ሊጠቅሙ ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ሲቆዩ ግን ዓይን የጆሮን ሥራ ስለሚወስድበት ተማሪው ጣቱ ምልክቱ ላይ ማረፉን እያየ ድምፁ መዛነፉን ሳይሰማ ያልፋል።

እጅ የሚችለውና የማይችለው

በጣቶች ውስጥ ጣትን የሚያጥፍ ጡንቻ የለም። ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋነኞቹ ጡንቻዎች በክንድ ውስጥ ይገኛሉ፤ ኃይላቸውን ወደ ጣት የሚያደርሱትም በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፉ ረዣዥም ጅማቶች ናቸው። በዚህ ምክንያት አንጓው ከመጠን በላይ ሲታጠፍ ጅማቶቹ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይፋተጋሉ፤ አውራ ጣት የመሣሪያውን አንገት አጥብቆ ሲጨብጥም መላው እጅ አብሮ ይደነድናል። በተጨማሪም ከእጅ ጀርባ ያሉት የቀለበት ጣትና የትንሿ ጣት ጅማቶች እርስ በርስ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱን ብቻ ማንሣት ለማንኛውም ሰው አስቸጋሪ ነው። ተማሪው ይህን ችግር የራሱ ድክመት አድርጎ ቆጥሮ በጉልበት ሊያሸንፈው ሲነሣ ይታያል፤ ይህ ደግሞ በእርግጥ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የሰው እጅ አፈጣጠር ያመጣውን ነገር በመጨበጥ ማስተካከል አይቻልም፣ ሕመም ግን ማትረፍ ይቻላል።

ምን ያህል ኃይል በቂ እንደሆነ ለመለየት መምህራን የሚጠቀሙበት መልመጃ ቀላል ነው። ተማሪው ደጋኑን በዝግታና በእኩል ፍጥነት እየሳበ ጣቱን በክሩ ላይ እንደ ላባ ያሳርፋል፤ በዚህ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ የታፈነና የሚያፏጭ ይሆናል። ከዚያም ድምፁ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ጫናውን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል፤ በጠራበት ቅጽበትም ያቆማል። ያ ጫና ለዚያ ድምፅ የሚበቃው ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ሁሉ ለድምፁ የሚሰጠው ነገር የለም። መልመጃው በእያንዳንዱ ጣት፣ በእያንዳንዱ ክር ላይ ሲደጋገም ተማሪው ለረጅም ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ሲጫን መቆየቱን በገዛ እጁ ያረጋግጣል፤ ትከሻው ሲወርድ፣ መንጋጋው ሲላላና አውራ ጣቱ ከአንገቱ ላይ በነጻነት መንቀሳቀስ ሲጀምር በመለማመጃ ክፍሉ ውስጥ ያለ ማንም ሰው ለውጡን ያየዋል፤ ከዚህም በላይ ይሰማዋል።

የጆሮም ትምህርት የራሱ መልመጃ አለው። በቫዮሊን ላይ በሦስተኛው ክር፣ ማለትም በሬ ክር ላይ፣ የቀለበት ጣት ሶል የተባለውን ድምፅ በትክክል ሲያገኝ፣ ያልተነካው ወፍራሙ የሶል ክር በራሱ ጊዜ አብሮ ይርገበገባል፤ ጣቱ በጥቂቱ ከሳተ ግን ይህ ተባባሪ ርግብግቢት ይጠፋል። ስለዚህ ተማሪው መምህር በሌለበት ሰዓት እንኳ መሣሪያው ራሱ ይመሰክርለታል። ይህን የመሣሪያውን ምስክርነት መስማት የለመደ ጆሮ ጣትን ወደ ቦታው ይመራዋል፤ ጆሮ ካልለመደ ግን ለጣት የሺህ ጊዜ ድግግሞሽ ስህተቱን ከማጽናት በቀር የሚፈይድለት ነገር የለም።

ልምምድ በአንጎልም ላይ አሻራውን ያሳርፋል። ቶማስ ኤልበርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት 9 የባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾችን ሙዚቀኛ ካልሆኑ ሰዎች ጋር አነጻጽረው ነበር፤ በተጫዋቾቹ አንጎል ውስጥ የግራ እጅ ጣቶችን ስሜት የሚቀበለው ክፍል የሚሰጠው ምላሽ ሰፍቶ ተገኘ፤ ለውጡ በአውራ ጣት ላይ አነስተኛ ነበር፣ በቀኝ እጅ ላይ ደግሞ አልታየም። በልጅነታቸው የጀመሩት ለውጡ ጎልቶባቸዋል። ጥናቱ የተመለከተው የመዳሰስ ስሜትን መሆኑ እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል፤ ያደገው ጣት የሚነካውን ነገር የሚያውቅበት የአንጎል ክፍል ነው።

መጻሕፍቱ

በአውሮፓ የቫዮሊን ግራ እጅ በጽሑፍ ሥርዓት የተያዘለት በዋናነት ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ነው። ጣሊያናዊው ፍራንቸስኮ ጀሚኒያኒ እ.ኤ.አ. በ1751 በለንደን ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፉ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የእጅ አቀማመጥ አስተዋወቀ፤ አመልካች ጣት በቀጭኑ ክር ላይ፣ መካከለኛው በሚቀጥለው፣ የቀለበት ጣት በሦስተኛው፣ ትንሿ ጣት ደግሞ በወፍራሙ ክር ላይ በአንድ ጊዜ ሲያርፉ እጁ በግድ ትክክለኛውን ቅርጽ ይይዛል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1756፣ የታላቁ አቀናባሪ አባት ሊዮፖልድ ሞዛርት የራሱን መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ ጣትን በክሩ ላይ በማወዛወዝ ድምፁን የማርገብገብ ልማድ፣ ዛሬ ቫይብራቶ የሚባለው፣ በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ ያለ ልክ መደረጉን ነቅፎ ጽፏል።

በዚያ ዘመን መሣሪያው በአገጭ አጥብቆ አይያዝም ነበር። በመሆኑም ግራ እጅ ሁለት ሥራ ነበረበት፤ ቫዮሊኑን መደገፍና ድምፁን መምረጥ። እጁ ወደ ብርኩማው ከተጠጋ በኋላ ወደ ቦታው ሲመለስ መሣሪያው አብሮት እንዳይንሸራተት አውራ ጣት ቀድሞ እየተጎተተ መንገድ መክፈት ነበረበት። ጀርመናዊው የቫዮሊን ሊቅ ሉዊ ሽፖር እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ የአገጭ መደገፊያውን በፈለሰፈ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ፤ ክብደቱን አገጭና ትከሻ ሲረከቡት ግራ እጅ ከመሸከም ተገላግሎ ለመንቀሳቀስ ነጻ ሆነ። በቫዮሊን ታሪክ ስለ ፓጋኒኒ ጣቶች ብዙ ተጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1820 የታተሙት 24 ካፕሪቾዎቹም የግራ እጅን ድንበር ያሰፉ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ተራው ተጫዋች በዕለት ተዕለት ልምምዱ ካገኘው ጥቅም አንጻር ሲታይ የሽፖር ትንሽ እንጨት ከፓጋኒኒ ዝና የማይተናነስ ክብር ይገባታል።

ከዚያ በኋላ የመጡት መጻሕፍት ብዙ ናቸው። የሮዶልፍ ክሮይጸር መልመጃዎች ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ እስካሁን ከተማሪ እጅ አልወጡም። ቼካዊው ኦታካር ሼቭቺክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1881 ባሳተመው የመጀመሪያ ሥራው የግራ እጅን እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ፈታትቶ፣ ሊገኙ የሚችሉትን የጣት ቅደም ተከተሎች አንድ በአንድ ደረደራቸው፤ ዝነኛው ያን ኩቤሊክ የዚህ መምህር ተማሪ ነበር። ካርል ፍሌሽ እ.ኤ.አ. በ1926 ባወጣው የስኬል መጽሐፍ በ24ቱ ሜጀርና ማይነር ስኬሎች ላይ ነጠላውንም ድርቡንም ድምፅ አሰባሰበ።

የሼቭቺክ መንገድ ጥቅሙም ጉዳቱም እዚህ ላይ መነገር አለበት። አንድን ከባድ እንቅስቃሴ ወደ ትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ ማጥናት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ገጽ ሙሉ የተመሳሳይ ድምፆች ድግግሞሽ ጆሮውን አጥፍቶ በጣቱ ብቻ ሲያልፈው፣ የሚያተርፈው ፈጣን ነገር ግን የማይሰማ እጅ ነው። ኢራን ተወልደው ሩሲያ ያደጉትና በኋላም በአሜሪካ ታዋቂ መምህር የሆኑት አይቫን ጋላሚያን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት መጽሐፋቸው መፍትሔውን ያስቀመጡት በአእምሮ ላይ ነው፤ አእምሮ ድምፁንና እንቅስቃሴውን አስቀድሞ ሲያዝዝ ጡንቻ ይከተላል፣ ስለዚህም ያው ስኬል በተለያየ ምትና በተለያየ የደጋን ስልት እየተለዋወጠ ሲጠና አእምሮ አይተኛም። ለቁጥር የሚያታክተውን መልመጃ ከመደርደር ይልቅ አንዱን መልመጃ በነቃ ጆሮ ደጋግሞ መሥራት ይበልጣል የሚለው ይህ አካሄድ ትክክለኛው ይመስላል።

በቼሎና በኮንትራባስ ላይ መርሁ ያው ሆኖ ርቀቱ ብቻ ይሰፋል። 690 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የቼሎ ክር ላይ የመጀመሪያው ሙሉ ድምፅ 77 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚፈጅ አራቱ ጣቶች በተለመደው አቀማመጥ የሚሸፍኑት አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ በከፍተኛው የክሩ ክፍል ላይ ደግሞ አውራ ጣት ራሱ ከአንገቱ ጀርባ ወጥቶ በክሩ ላይ ያርፋል። ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ዱፖር እ.ኤ.አ. በ1806 ለቼሎ ጣት አጠቃቀም ሥርዓት አበጀ፤ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስፔናዊው ፓብሎ ካሳልስ እጁን በየጊዜው ከማንሸራተት ይልቅ ጣቶቹን በመዘርጋት የዜማውን ፍሰት ከመቆራረጥ አዳነው።

የማሲንቆ ግራ እጅ

ማሲንቆ በቆዳ የተሸፈነ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ሳጥኑን የሚያቋርጥ ረጅም ዘንግ፣ በዘንጉ ራስ ላይ መቃኛ፣ በቆዳው ላይ የቆመ ብርኩማና ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር አለው። ደጋኑም የሚወጠረው በፈረስ ጭራ ስለሆነ ድምፁ የሚወለደው ጭራ ጭራን ሲገዘግዝ ነው፤ ሁለቱ ጭራዎች እንዲያያዙም ሙጫ ይቀባሉ። ከቫዮሊን ጋር ያለው ዋናው ልዩነት ግን በክሩ ቁጥር ላይ አይደለም። በቫዮሊን ላይ ጣት ክሩን ተጭኖ ከጠንካራው እንጨት ጋር ያገናኘዋል፤ በማሲንቆ ላይ ጭራው ከዘንጉ በጣም ርቆ ስለሚዘረጋ ጣት ወደ እንጨቱ አይጫነውም። አውራ ጣት ዘንጉን ደግፎ ሲይዝ የቀሩት አራት ጣቶች ጭራውን በአየር ላይ እንዳለ በጎን በኩል በጫፋቸው ይነኩታል።

ከዚህ አቀማመጥ ሁለት ትላልቅ ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው የድምፁ ቀለም ነው፤ የክሩን ርግብግቢት የሚያስቆመው እንጨት ሳይሆን የጣት ለስላሳ ሥጋ ስለሆነ ከፍተኛዎቹ ንዑሳን ድምፆች ይዋጣሉ፣ የሚቀረውም ወደ ሰው ድምፅ የቀረበ፣ ጥቂት ሻካራና ሞቅ ያለ ዜማ ነው። የቡልጋሪያው ጋዱልካና የቀርጤሱ ሊራም ክራቸው ወደ እንጨት አይጫንም፤ ነገር ግን ተጫዋቾቹ በጥፍራቸው ስለሚነኩት ድምፃቸው ይበልጥ የሰላ ነው። ሁለተኛው ነገር የጫናው ጉዳይ ነው። ከኋላው የሚያስቆመው እንጨት ስለሌለ ጣት ጭራውን በገፋው መጠን ውጥረቱ ይጨምራል፣ ድምፁም ይቀጥናል፤ እንግዲህ በማሲንቆ ላይ ድምፅን የሚወስነው የጣት ቦታ ብቻ ሳይሆን የጣት ጫናም ጭምር ነው። በቫዮሊን ላይ ከመጠን ያለፈ ጫና እጅን ያደክማል እንጂ ድምፁን ያን ያህል አያዛንፈውም፤ በማሲንቆ ላይ ግን ወዲያውኑ ይጋለጣል። በአንጻሩ ይኸው ባሕርይ ለባለሙያው የማስጌጫ በር ይከፍትለታል፤ ጣቱን ሳያነሣ ጫናውን ብቻ በማላላትና በማጥበቅ ድምፁን ያወዛውዛል፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ያንሸራትታል፣ ዜማውንም ያስለቅሳል።

አዝማሪ ጨዋታውን ከመጀመሩ በፊት መቃኛውን እያዞረ ጭራውን ከራሱ ድምፅ ጋር ያስማማል። ማሲንቆ በአንድ ቋሚ ድምፅ የሚታሰር መሣሪያ አይደለም፤ ዘፋኙ ድምፁ የሚመቸውን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። በተጨማሪም እርጥበት ቆዳውንም ጭራውንም ስለሚያላላቸው ትናንት የተቃኘው ዛሬ አይገኝም። በቫዮሊን ላይ ለጆሮ የሚመሰክሩት ሌሎቹ ክሮች በማሲንቆ ላይ ስለሌሉ የጣት ትክክለኛነት የሚለካው ባዶው ጭራ በሚሰጠው ድምፅና በሚዘፍነው ሰው ጉሮሮ ነው። በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ በአዝማሪ ቤተሰብ የሚያድግ ልጅ መሣሪያውን ከመያዙ በፊት ዜማውን በአንጉርጉሮ ይጠግባል፤ ታላቁን አጠገቡ ተቀምጦ እያየ፣ እየሰማና እየተከተለ ይማራል እንጂ በቃል አይነገረውም። ጆሮ ከጣት እንዲቀድም ሲባል በአውሮፓ መምህራን ዘንድ ረጅም ክርክር የጠየቀው ጉዳይ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከመነሻው የተፈታ ነው።

የኢትዮጵያ ዋነኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ባዶው ጭራ አንዱን ድምፅ ሲሰጥ አራቱ ጣቶች ቀሪዎቹን አራት ይይዛሉ፤ በዚህ አሰላለፍ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጣት ይደርሰዋል፣ እጁም ብዙ ሳይንከራተት ሙሉውን ቅኝት ይሸፍናል። ለማብራሪያ ያህል የሚርገበገበው ጭራ 36 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ባዶው ጭራም የቅኝቱ መነሻ ድምፅ ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ ከላይ የተገለጸው የርዝመት ሕግ እያንዳንዱ ቅኝት ለእጅ የሚሰጠውን ቅርጽ ያሳያል። በትዝታ ሜጀር አመልካች ጣት ከላይ 4 ሴንቲ ሜትር፣ መካከለኛው 7.2፣ የቀለበት ጣት 12፣ ትንሿ ጣት 14.4 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋሉ፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ሰፊው ክፍተት ከ5 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። በባቲ ሜጀር አመልካች ጣት እስከ 7.2 ወርዶ ከመካከለኛው ጋር በ1.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀራረባል፣ ትንሿ ጣት ግን ወደ 16.8 ትዘረጋለች። በአምባሰልና በአንቺሆዬ ነገሩ ይገለበጣል፤ አመልካች ጣት 2.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ ለመቃኛው በጣም ቀርቦ ሲቆም መካከለኛው ጣት 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ከ6.5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው ይህ ክፍተት ለአብዛኛው እጅ ያለ ተጨማሪ እንቅስቃሴ የሚደረስ አይደለም፤ መላው እጅ በጥቂቱ መንሸራተት፣ አለዚያም ባዶው ጭራ ከቅኝቱ ሌላ ድምፅ እንዲይዝ ተደርጎ የጣቶቹ ድልድል መለወጥ ይኖርበታል።

በእርግጥ ማንም አዝማሪ በሴንቲ ሜትር አይጫወትም፤ የቅኝቶቹ ርቀቶችም ከፒያኖው እኩል ክፍፍል ጋር አይገጥሙም። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ሲንቲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1976 ማሲንቆንና የቅኝትን ባሕርይ ርዕሰ ጉዳይ ያደረገ የዶክትሬት ጥናት በሎስ አንጀለስ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማቅረቧ ማሲንቆ ለቅኝቶቹ ርቀት ጥያቄ ምን ያህል ምቹ ምስክር እንደሆነ ያመለክታል፤ ጣት በነጻነት የሚያርፍበት መሣሪያ ተጫዋቹ በጆሮው የያዘውን ርቀት እንዳለ ያወጣዋል።

መልመጃው

ግብፃዊው አቀናባሪ ሃሊም ኤል ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ሌሎቹ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ላይ በጋራ ተቀመጡ፤ ከማሲንቆ ተጫዋቾቹ አንዱ ዝነኛው ጌታመሳይ አበበ ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊንና ማሲንቆ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጣሉ። የቫዮሊን ተማሪው ግን ጣቱን የሚያዘጋጅባቸው ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የተከማቹ መጻሕፍት ሲኖሩት፣ የማሲንቆ ተማሪው ከሁሉ በላይ የሚተማመነው በመምህሩ እጅ ላይ ነው። የመምህር እጅ ትልቅ ሀብት ነው፤ መምህሩ ሲያልፍ አብሮ የሚያልፍ መሆኑ ግን ያስጨንቃል።

የቻይናው ሊዩ ቲየንኋ፣ እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1932 የኖረው ሙዚቀኛ፣ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ሥራ ሠርቷል። ኤርሁ እንደ ማሲንቆ ሁሉ ጣት ክሩን ወደ እንጨት የማይጫንበት፣ ሳጥኑ በቆዳ የተሸፈነና ለመንገድ ተጫዋቾች ይተው የነበረ መሣሪያ ነው። ሊዩ ቫዮሊንን ከተማረ በኋላ ለኤርሁ 10 የብቻ መጫወቻ ድርሰቶችና 47 መልመጃዎች ጻፈለት፤ መሣሪያውም ከዚያ ወዲህ በቻይና ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቦታውን ያዘ። ከቫዮሊን የወሰደው ነገር ቢኖርም ኤርሁን ቫዮሊን ለማድረግ አልሞከረም፤ ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለማሲንቆ የሚዘጋጅ መልመጃም ሼቭቺክን ገልብጦ ቢነሣ ይስታል፤ የቫዮሊን መልመጃ በግማሽ ድምፅ ላይ የተገነባ ሲሆን ማሲንቆ ግን በቅኝት ያስባል። መነሻው ባዶው ጭራ ቢሆን፣ ተማሪውም አንድን ድምፅ መጀመሪያ በጉሮሮው ካወጣ በኋላ ጣቱን እንዲያሳርፍ ቢደረግ፣ አዝማሪው በልጅነቱ ያገኘው የጆሮ ቅድሚያ በትምህርት ክፍል ውስጥ ላደገው ተማሪም ይደርሰዋል። ቀጥሎ የጫና መልመጃ ሊመጣ ይገባል፤ አንድ ጣት በአንድ ቦታ ቆሞ ጫናውን ብቻ በመለወጥ ድምፁን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ሲመልሰው፣ ተማሪው ቦታንና ጫናን ለይቶ መቆጣጠር ይማራል። ይህ በቫዮሊን መጻሕፍት ውስጥ ቦታ የሌለው ትምህርት ነው። ኖታ ብቻውን ይህን ሁሉ ስለማይዝ እያንዳንዱ መልመጃ በድምፅና በምስል የተቀዳ የብዙ ተጫዋቾች እጅ ሊታከልበት ያስፈልጋል፤ የሚቀዳውም ድምፅ ወደ ፒያኖ ልክ ሳይስተካከል፣ እጁ ባወጣው ርቀት እንዳለ ሊቀመጥ ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የቅኝቶቹ ቅደም ተከተል ነው፤ እዚህ ላይ ያ የርቀት ሒሳብ ይጠቅማል። በጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ለእጅ የማይከብደው ትዝታ ሜጀር የመጀመሪያውን የእጅ ቅርጽ ይሰጣል፤ ባቲ የጣቶችን መቀራረብና የትንሿን ጣት መዘርጋት ያስተምራል፤ አንቺሆዬና አምባሰል ግን አመልካች ጣትንና መካከለኛውን አራርቀው እጁን በጭራው ላይ እንዲጓዝ ስለሚያስገድዱት፣ ተማሪው መንሸራተትን በጆሮው እየመራ ማከናወን እስኪችል ድረስ ቢቆዩ ይሻላል።